ያለ ጂን ጠመንጃ፦ በደብረ ብርሃን የተደረገ የፕላስቲድ ምርጫ ሥራ ማስታወሻ

ሐምሌ፦ የሥራው ወሰን

የዚህ ሥራ ዓላማ ስፔክቲኖማይሲን በተባለው ፀረ ተሕዋስ አማካይነት ከትምባሆ ቅጠል ውስጥ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ፕላስቲዶችን (አረንጓዴውን ክሎሮፕላስት ጨምሮ፣ የራሳቸው የዘር ውርስ ጽሑፍ ወይም ጂኖም ያላቸውን የሕዋስ ክፍሎች) መርጦ ማውጣት፣ የተገኘውም ተቋቋሚነት በእርግጥ በፕላስቲዱ ጂኖም ላይ ያለ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ባዕድ ጂን አይገባም፤ ጂን የተለበጡ ደቃቅ የብረት ቅንጣቶችን ወደ ሕዋስ የሚተኩሰው የጂን ጠመንጃም፣ የሚገፋው ሂሊየም ጋዝም የለንም። በአገራችን ባዕድ ጂን ወደ ተክል ማስገባት በደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና በማሻሻያው 896/2007 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ሲሆን፣ እኛ የምንፈልገው በቅጠሉ ውስጥ በራሱ ጊዜ የሚከሰተውን ለውጥ ብቻ ነው።

አካሄዱ ከዋናው ሥራ፣ ጂን ወደ ፕላስቲድ ከማስገባት፣ የራቀ ቢመስልም ከሥሩ የሚነሣ ነው። በከፍተኛ ተክሎች ፕላስቲድ ላይ የተረጋጋ የጂን ለውጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በትምባሆ ላይ ሲገኝ፣ ይኸውም ስቫብ፣ ሃይዱኪዬቪች እና ማሊጋ በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የውጭ ሥራዎች ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)፣ ለመምረጫነት ያገለገለው ለስፔክቲኖማይሲን የማይበገር የ16ኤስ ራይቦሶማል አር.ኤን.ኤ. (ፕሮቲን የሚሠራው የራይቦሶም አንድ ክፍል) ጂን ነበር። በ1993 በእሱ ፈንታ ኤ.ኤ.ዲ.ኤ. የተባለው የባክቴሪያ ጂን ሲገባ የሥራው ውጤታማነት ወደ መቶ እጥፍ አደገ። የመተኮሱ ዘዴ ያው ነበር፤ የተለወጠው የመምረጫው መንገድ ነው። መሣሪያ ይገዛልን ብለን ከምንጠብቅ ይልቅ ምርጫውን አስቀድመን እንማር ያልነው በዚህ ምክንያት ነው።

ምርጫው የሚከብደው በቁጥሩ ነው። አንድ የትምባሆ ቅጠል ሕዋስ 100 ያህል ክሎሮፕላስት ይይዛል፤ በእያንዳንዱም ውስጥ 156,000 ገደማ ቤዝ ጥንዶች ያሉት ጂኖም በብዙ ቅጂ ይገኛል፤ በድምሩ በአንድ ሕዋስ እስከ 10,000 ቅጂ ይደርሳል። ለውጡ የሚጀምረው ከእነዚህ በአንዱ ላይ ነው። ሠርገኛ ጤፍ ይዞ ከየምርቱ ነጩን እየለቀሙና መልሰው እየዘሩ ንጹሕ ማኛ እስኪገኝ እንደሚደክም ገበሬ፣ መድኃኒቱም በየሕዋሱ ክፍፍል ላይ ተቋቋሚውን ቅጂ እያደላ ሌላውን ያስወግዳል። ቅጂዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት እስኪሆኑ ድረስ ተክሉ ቅይጥ ነው፤ ቅይጥ ተክል ደግሞ ያታልላል።

ሥራውን የሰማ የአካባቢው ሰው ሁሉ «ለምን በገብስ አይሆንም?» እያለ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን የሣር ወገን የሆኑ ሰብሎች፣ ገብስና ስንዴ ጭምር፣ በተፈጥሯቸው ስፔክቲኖማይሲንን የሚቋቋሙ በመሆናቸው በዚህ መድኃኒት መምረጥ አይቻልም የሚል ነው። ጎመንዘርንም አስበነው ነበር። በቅርብ ዘመዶቹ፣ በአራቢዶፕሲስና በዘይት ጎመን ላይ የታየው ነገር ወደኋላ አስቀረን። እነዚህ ተክሎች በመድኃኒቱ ምክንያት በፕላስቲዱ ውስጥ ፕሮቲን መሥራት ቢቆምም የስብ አሲድ ሥራውን የሚያካሂድላቸው መጠባበቂያ ኢንዛይም ከኒውክሊየስ ጂን ስለሚያገኙ፣ ነጥተውም ስኳር ባለበት የማሳደጊያ ምግብ (ሚዲያ) ላይ ማደጋቸውን ይቀጥላሉ፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ጥርት አድርጎ አይለይም። ድንችን በሚመለከት በ1999 ሥራው ተሳክቷል፤ ሆኖም ከትምባሆ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ከትምባሆ መጀመር ግድ ሆነ።

ዘሩ ትምባሆ ሲመረትበት ከኖረው ከሸዋ ሮቢት መጣ። የሰጡን አዛውንት ገበሬ እንዲሁ አልሰጡንም።

«ልጄ፣ ትምባሆ ቆላ ነው የሚወደው። ደብረ ብርሃን ወስደህ ውርጭ ልታስበላው ነው?»

«አይ አባባ፣ በጠርሙስ ውስጥ ነው የማበቅለው፤ ብርድ አያገኘውም።»

«በጠርሙስ? እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብለው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡን። የትምባሆ ዘር እጅግ ደቃቅ ስለሆነና አንዱ ግራም ብቻ ከ10,000 በላይ ፍሬ ስለሚይዝ፣ ያቺ ጥቅል ለሥራው ሁሉ ተርፋለች።

ነሐሴ፦ ማምከን

የላቦራቶሪ የእንፋሎት ማምከኛ (ኦቶክሌቭ) ስላልነበረን የተነሣነው በገበያ በሚሸጥ ትልቅ ፕሬሸር ኩከርና በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች በ15 ፒ.ኤስ.አይ. ግፊት ለ20 ደቂቃ ቆይተው ወጡ። ሳምንት ሳይሞላ፣ ምንም ያልተዘራባቸው እንኳ ሳይቀሩ ደፈረሱ። ክዳኑ፣ ጥጡ፣ ውሃው በየተራ ተጠረጠሩ፤ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። መመሪያዎች «15 ፒ.ኤስ.አይ.፣ 121 ዲግሪ» የሚሉት በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚሠራ ሰው ነው። የማብሰያው ቫልቭ የሚቆጣጠረው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ሲሆን፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን የውጭው አየር ግፊት ራሱ ወደ 72 ኪሎ ፓስካል ዝቅ ያለ ነው። የቫልቩ 103 ኪሎ ፓስካል ሲደመርበት 175 ይሆናል፤ በዚህ ግፊት ያለ እንፋሎት ደግሞ 116 ዲግሪ እንጂ 121 አይደርስም። 121 ለማድረስ 19 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ያስፈልጋል። የገበያው ማብሰያ ለዚህ ስላልተሠራ ቫልቩን ማስገደድ ድስቱን ፈንጂ ማድረግ ነው። የቀረው መንገድ ጊዜውን ማርዘም ነው፤ በማምከን ስሌት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ የሚያስፈልገው ጊዜ 10 እጥፍ ስለሚሆን፣ በ5 ዲግሪ ሲወርድ ከሦስት እጥፍ ጥቂት ይበልጣል። በ121 ዲግሪ 15 ደቂቃ የሚበቃው ነገር እዚህ 50 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከዚያ ወዲህ ያልተዘራበት ጠርሙስ ደፍርሶ አያውቅም።

ዋጋ ግን አስከፍሏል። ሚዲያው ረጅም ጊዜ ሲቀቀል ስኳሩ ቡናማ ይሆናል፣ ሚዲያውን የሚያረጋው አጋርም ይላላል። የአሲድነቱን መለኪያ፣ ፒ.ኤች.ን፣ 5.8 ላይ አስተካክሎ አጋሩን በሊትር ከ7 ወደ 8 ግራም ማሳደግ፣ እንዲሁም ሚዲያውን በትልልቅ ጠርሙስ ከማድረግ በትንንሽ ማድረግ ችግሩን አቃልሏል።

የከፍታው ነገር ከተነሣ ወደፊት ለሚመጣ ሰው አንድ ነገር ላስቀምጥ። የጂን ጠመንጃ መመሪያዎች ክፍሉን ወደ 28 ኢንች ሜርኩሪ ቫክዩም አውርዱ ይላሉ። ጠቋሚው የሚለካው ከውጭው አየር በታች ያለውን ልዩነት ነው፤ የደብረ ብርሃን አየር በሙሉ ቢወጣ እንኳ ከ21 ኢንች ጥቂት ያልፋል እንጂ 28 አይደርስም። መመሪያው የሚፈልገው ቀሪ ግፊት እዚህ የሚገኘው ጠቋሚው ከ19 ኢንች ጥቂት ከፍ ሲል ነው። ይህን ሳያውቅ 28 እስኪሞላ የሚጠብቅ ሰው ፓምፑን ያቃጥላል፤ ቅጠሉንም ያደርቃል።

መስከረም፦ ሚዲያ፣ ዘር፣ ወጪ

የተጠቀምነው የሙራሺጌና ስኩግ ሚዲያ ነው፤ በ1962 ሲወጣም የተዘጋጀው ለትምባሆ ሕብረ ሕዋስ ነበር። ለቡቃያ ማውጫ በሊትር 30 ግራም ስኳር፣ 1 ሚሊ ግራም ቢ.ኤ.ፒ.፣ 0.1 ሚሊ ግራም ኤን.ኤ.ኤ. (ሁለቱ የተክል እድገት ሆርሞኖች ናቸው)፣ 100 ሚሊ ግራም ኢኖሲቶል እና 1 ሚሊ ግራም ታያሚን ይጨመርበታል። ስኳሩ ከሱቅ የተገዛ ተራ ስኳር ነው፤ ከላቦራቶሪው ስኳር ጋር አስተያይተነው ልዩነት አላየንም።

ከወጪው ሁሉ የከበደው አጋር ነው። በአገራችን የቲሹ ካልቸር (ተክልን ከቁራጩ በጠርሙስ የማብቀል) ሥራዎች ቡላን በአጋር ፈንታ የመጠቀም ልምድ ስላለ፣ ግማሹን በቡላ ለመተካት ሞከርን። ለዘር ማብቀያ ጥሩ ሆነ፤ ሥሩ ወርዷል፣ ችግኙም ቆሟል። ለምርጫው ግን አልሆነም። ቡላው ሚዲያውን ወተት ስለሚያስመስለው የቅጠሉን ንጣት ከታች ማየት አልተቻለም፤ በዚህ ሥራ ደግሞ የሚነበበው ቀለም ብቻ ነው። ስለዚህ ቡላው ለችግኝ፣ አጋሩ ለምርጫ ተብሎ ተከፈለ፤ የአጋሩም ወጪ በግልጽ ቀነሰ።

ማዛወሪያ ሣጥኑን እዚሁ ያለ አናጺ ሠራው፤ ከፊት መስታወት፣ ለእጅ ሁለት ቀዳዳ፣ ውስጡ በዘይት ቀለም የተቀባ፣ በአልኮል የሚወለወል። በውስጡ የአልኮል ኩራዝ፣ ወረንጦና የቀዶ ጥገና ምላጭ ይቀመጣሉ። ሣጥኑ በአልኮል ከተወለወለ በኋላ ትነቱ ሳይወጣ ኩራዙን መለኮስ እንደማይገባ በሣጥኑ ላይ በትልቁ ጽፈናል።

ዘሩ በ70 በመቶ አልኮል ለአንድ ደቂቃ፣ ከዚያም በውሃ በተበረዘ በረኪና ለ10 ደቂቃ ታጥቦ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይለቀለቃል። ደቃቅ ዘር በውሃ ላይ ተንሳፍፎ ከብልቃጡ ግድግዳ ጋር ስለሚጣበቅ፣ በስስ ጨርቅ ቋጥሮ መዝፈቁ ቀለለን።

ጥቅምት፦ ውርጭ

ዘሩ 25 ዲግሪ ይፈልጋል። የደብረ ብርሃን የጥቅምት ሌሊት ወደ ዜሮ ይጠጋል። አሮጌ ቁም ሣጥን ውስጡ በፎም ተለብጦ፣ የኤል.ኢ.ዲ. መብራት ተዘርግቶለት፣ በቀን ለ16 ሰዓት እንዲበራ በሰዓት መቆጣጠሪያ ታሰረ። ማሞቂያው ከቴርሞስታት ጋር ከታች ተቀመጠ።

ሙቀቱ ጥሩ ነበር፤ ጉዳት ያመጣው ጤዛው ነው። ማሞቂያው ከታች ሲሆን ሚዲያው ይሞቃል፣ ክዳኑ ይቀዘቅዛል፤ ትነቱ ከክዳኑ ሥር እየተጠራቀመ በችግኙ ላይ ይንጠባጠባል፤ ከጠርዙ የሚፈሰው ውሃም ሻጋታ ይዞ ይገባል። ማሞቂያው ወደ ሣጥኑ ጎን ተዛውሮ ከላይ ትንሽ ማራገቢያ ሲጨመር ክዳኑ ከሚዲያው ያልቀዘቀዘ ሆነ፤ ጤዛውም ጠፋ። መብራት ለሚጠፋበት ሌሊት ሙቅ ውሃ የተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች በየመደርደሪያው ይቀመጣሉ፤ ፎሙ ስለሚያግዝ እስከ ንጋት ያደርሳሉ።

ኅዳር፦ መድኃኒቱን ማግኘት

ስፔክቲኖማይሲን በላቦራቶሪ ደረጃ ከውጭ ማስመጣት ከአቅማችን በላይ ነበር። በከብት መድኃኒት መሸጫዎች የሚገኘው ለዶሮ የሚሰጥ ዱቄት ሲሆን፣ ስፔክቲኖማይሲን ከሊንኮማይሲን ጋር የተቀየጠበት ነው። ሻጩ ጥቅሉን እያሳየን «ለስንት ዶሮ ነው ጌታዬ?» አለን። ዋጋው የሚያጓጓ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሊንኮማይሲንም የፕላስቲዱን ራይቦሶም የሚያግድ ስለሆነ፣ ለስፔክቲኖማይሲን ብቻ የማይበገረውን ፕላስቲድ እሱ ይገድለዋል። በእንዲህ ዓይነቱ ቅይጥ የሚሠራ ሰው ለወራት ነጭ ቅጠል ሲመለከት ይኖራል።

የሚሆነው ለጨብጥ ሕክምና በመርፌ ሲሰጥ የኖረው፣ 2 ግራም የሚይዘው ንጹሕ ብልቃጥ ነው። ከብልቃጡ ጋር የሚመጣው መበጥበጫ ቤንዚል አልኮል ስላለበት ተትቶ፣ በተራ የመርፌ ውሃ በ20 ሚሊ ሊትር ይበጠበጣል፤ በሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ይሆናል ማለት ነው። ለአንድ ሊትር ሚዲያ 5 ሚሊ ሊትር ሲጨመር በሊትር 500 ሚሊ ግራም ይወጣል። ዱቄቱ ንጹሕ ቢሆንም በ0.22 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ አሳልፈነዋል። በኋላ ለማነጻጸሪያ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ፀረ ተሕዋስ፣ ስትሬፕቶማይሲንም፣ የተገኘው በዚሁ መንገድ፣ ከፔኒሲሊን ጋር ያልተቀየጠው ተመርጦ ነው።

ጥቅም ላይ የዋለ ሚዲያ ሁሉ ወደ ቆሻሻ ከመሄዱ በፊት በበረኪና ይዘፈቃል፤ ሳህኖቹም ለብቻ ይያዛሉ። ፀረ ተሕዋስ ያለበት ሚዲያ በየሜዳው መጣል ለአፈሩም ለሰዉም አይበጅም።

ታኅሣሥ፦ የመጠን ሙከራ

ከንጹሕ ችግኞች የተቆረጠ፣ በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቅጠል፣ የታችኛው ገጹ ሚዲያውን እየነካ በ0፣ 50፣ 100፣ 250 እና 500 ሚሊ ግራም ላይ ተደረደረ። በ0 ላይ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በየጠርዙ አረንጓዴ ቡቃያ ፈላ። በ50 እና በ100 ቅጠሉ ቢገረጣም በዝግታ የሚያብጥ፣ እዚህም እዚያም ቢጫማ ቡቃያ የሚያወጣ ቁራጭ አልጠፋም። በ250 ንጣቱ ጥርት ያለ ሆነ፤ በ500 ደግሞ ቁራጮቹ ነጥተው እድገታቸው ቆመ። የተለመደው መጠን 500 የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ላይ የሥራ ባልደረባዬ ያነሣው ጥያቄ ጥሩ ነበር፦ ስኳር ከሚዲያው እየተሰጠው፣ ብርሃን ሳያስፈልገው መኖር የሚችል ሕብረ ሕዋስ ክሎሮፊሉን ስላጣ ብቻ ለምን ማደጉን ያቆማል? መልሱ ፕላስቲድ ከፎቶሲንተሲስ ውጭም ሥራ ያለው መሆኑ ነው። በትምባሆ ፕላስቲድ ጂኖም ላይ ያለው ኤ.ሲ.ሲ.ዲ. ጂን የስብ አሲድ ሥራን ለሚጀምረው ኢንዛይም አንዱን ክፍል ይሰጣል፤ ሲ.ኤል.ፒ.ፒ. ደግሞ ፕሮቲን ለሚቆርጠው ኢንዛይም። ሁለቱም ለሕዋሱ ሕይወት የግድ ናቸው። የፕላስቲዱ ራይቦሶም ሲታገድ እነዚህም አይሠሩም፤ ሕዋሱ ስኳር እያለው ሽፋን የሚሠራበት ስብ ያጣል። ጎመንዘር ያልተመረጠበት ምክንያትም የዚሁ ተቃራኒ ገጽ ነው።

ጥርና የካቲት፦ አረንጓዴ ነጥቦች

ብዙ የቅጠል ቁራጭ በ500 ላይ ተደርድሮ መጠበቅ ተጀመረ። ነጭ በነጭ በሆነ ሳህን ላይ የመጀመሪያው አረንጓዴ ነጥብ ሲታይ ሁላችንም ተሰበሰብን። ነጥቡ የሰሊጥ ፍሬ የማታክል፣ ከነጣው ቅጠል ጠርዝ ላይ የተነሣች፣ ጠርዟ ጥርት ያለ ጥቁር አረንጓዴ ነበረች። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ነጩና አረንጓዴው መካከል የደበዘዘ መሸጋገሪያ የለም። ከዚያ በኋላ ብዙ አረንጓዴ አየን፤ አብዛኛው ግን ከንቱ ነበር።

አንደኛው ዓይነት ከንቱ ከመጠምዘዝ የመጣ ነው። ቅጠሉ ሲያብጥ ጫፉ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ከሚዲያው የተላቀቀው ክፍል መድኃኒቱ ስለማይደርሰው ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ይህ አረንጓዴ ገርጣ ያለ፣ ወደ ነጩ ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ ነው፤ ጫፉ ተቆርጦ ሚዲያው ላይ ተጭኖ ሲቀመጥም ይነጣል። ቁራጩን ከ5 ሚሊ ሜትር አለማሳለፍና በየሁለት ሳምንቱ ወደ አዲስ ሚዲያ ማዛወር ይህን ቀነሰው።

ሁለተኛው ዓይነት ይበልጥ አስቸገረ። ከአንድ ጠርሙስ ከተቀዱ ሳህኖች መካከል በመጨረሻ የተቀዱት ላይ ብቻ ቁራጮቹ በቡድን አረንጓዴ ሆነው ተገኙ። በተፈጥሮ የሚመጣ ለውጥ በቡድን አይመጣም። አጋር በ40 ዲግሪ ገደማ የሚረጋ በመሆኑ፣ በታኅሣሥና በጥር የክፍላችን ቅዝቃዜ ጠርሙሱ ከጎኑ መርጋት ከጀመረ በኋላ የሚጨመረው መድኃኒት እኩል አይዳረስም፤ የመጨረሻዎቹ ሳህኖች ከመጠን በታች ይደርሳቸዋል። መፍትሔው ርካሽ ነበር፦ ጠርሙሱ በ50 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ይቆያል፣ መድኃኒቱም ከማቀዝቀዣ ወጥቶ የክፍሉን ሙቀት ከያዘ በኋላ ይጨመራል፣ ጠርሙሱ አረፋ ሳያነሣ በደንብ ይዞራል፣ ሳህኖቹም በተቀዱበት ቅደም ተከተል ቁጥር ይሰጣቸዋል። ቁጥሩ ከሁሉ ይበልጣል፤ ያለ እሱ የዚህ ስሕተት ምንጭ ባልተገኘ ነበር።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ የቀሩት ጥቂት መሥመሮች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ከአንድ አረንጓዴ ነጥብ የተነሡ ተክሎች፣ ናቸው። ደ፣ በ፣ ሸ ተብለው ተሰየሙ፤ ሌሎቹ በመጠባበቂያነት ተቀመጡ።

መጋቢት፦ ሁለቱን መድኃኒት በአንድ ላይ

ጂን አስገብቶ የሚሠራ ሰው በዚህ ደረጃ ላይ ያለበት ጭንቀት ያገኘው አረንጓዴ ቡቃያ ጂኑ የገባበት ነው ወይስ በራሱ የተለወጠ የሚለው ነው። ኤ.ኤ.ዲ.ኤ. የሚሠራው ኢንዛይም ስፔክቲኖማይሲንንም ስትሬፕቶማይሲንንም ያመክናል። በራሱ የሚመጣው ለውጥ ግን በ16ኤስ አር.ኤን.ኤ. ላይ መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ቦታ የሚነካ ሲሆን፣ የሁለቱ መድኃኒቶች ማረፊያ የተለያየ ስለሆነ ለአንዱ የማይበገረው ለሌላው ይበገራል። ስለዚህ ቅጠሉ እያንዳንዱ 500 ሚሊ ግራም በሆነበት በሁለቱ ቅይጥ ላይ ይቀመጣል፤ ጂን የገባበት አረንጓዴ ሆኖ ይቀጥላል፣ በራሱ የተለወጠው ይነጣል።

እኛ ምንም ስላላስገባን የሁሉም መሥመር ቅጠል መንጣት ነበረበት። ይህ ሙከራ ለእኛ የሚፈትነው ተክሉን ሳይሆን ሳህኑን ነው፤ አንድም አረንጓዴ ቢቀር ሚዲያው ተበላሽቷል ማለት ነው። ሦስቱም በስፔክቲኖማይሲን ብቻ ላይ አረንጓዴ ሆነው ቡቃያ አወጡ፤ በሁለቱ ቅይጥ ላይ ነጡ። ወደፊት ጂን በሚገባበት ጊዜ ከጎን የሚቀመጠው ማነጻጸሪያ ከአሁኑ ተገኘ ማለት ነው፤ ብዙ ቤተ ሙከራዎች እንዲህ ያለውን ተክል እንደ ጥራጊ የሚጥሉት መሆኑ ያስገርመኛል።

ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፦ ሁለተኛ ዙር፣ ሥር፣ አፈር

ከመጀመሪያው ቡቃያ የተቆረጠ ቅጠል እንደገና በ500 ላይ ተቀምጦ አዲስ ቡቃያ እንዲያወጣ ተደረገ። ደ እና በ በሁለተኛው ዙር ላይ ወጥ አረንጓዴ ሆኑ። ሸ ግን ነጭ ሰበዝ ያለበት ቅጠል ማውጣቱን ቀጠለ፤ ሰበዙ ከዋናው ጅማት ተነሥቶ እስከ ጠርዝ የሚደርስ፣ በአንድ ወገን ብቻ ያለ ነው። ከሸ አረንጓዴ ክፍል ብቻ ቆርጠን ለሌላ ዙር ከመለስን በኋላ አንዱ ቡቃያ ወጥ መስሎ ስለታየ እሱም ከሌሎቹ ጋር ወደ ሥር ማውጫ ሄደ። ሥሩ ሆርሞን በሌለው፣ መድኃኒቱ ግን ባለበት ሚዲያ ላይ በቀላሉ ወጣ።

ወደ አፈር ማውጣቱ ጠንቅ አለው። የጠርሙስ ችግኝ ቅጠሉ የሰም ሽፋኑ ስስ ነው፤ የደብረ ብርሃን ነፋስ በግማሽ ቀን ያጠወልገዋል። አጋሩ ከሥሩ ላይ በለብ ያለ ውሃ ታጥቦ፣ ችግኙ በተቀቀለ አፈርና አሸዋ ላይ ተተክሎ፣ ከታች በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ተሸፈነ፤ የፕላስቲኩ ክዳን ቀስ በቀስ እየተከፈተ ተለማመደ። ከዚያ ወደ ፕላስቲክ ቤት ገባ። ከየመሥመሩ ጎን መድኃኒት ያላየ፣ ከዚያው ዘር የበቀለ ተራ ትምባሆ ተተክሏል።

ነሐሴና መስከረም፦ ማዳቀል

ተቋቋሚነቱ በኒውክሊየስ ጂን ላይ ቢሆን ከእናትም ከአባትም ይወረሳል። በፕላስቲድ ላይ ከሆነ ግን ትምባሆ ፕላስቲዱን የሚያወርሰው በእናት በኩል ስለሆነ የማዳቀሉ አቅጣጫ ውጤቱን ይለውጠዋል። በ2007 የወጡ ሥራዎች በአባት ብናኝ በኩል የሚያልፍ ፕላስቲድ እንዳለ ቢያሳዩም፣ እጅግ አልፎ አልፎ የሚሆን ነው።

የትምባሆ አበባ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። አበባው ሊፈካ ሲል፣ ጫፉ ሮዝ ሆኖ ገና ሳይከፈት፣ ቱቦው በምላጭ በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ ብናኝ የያዙት አምስቱ ከረጢቶች ሳይፈነዱ በወረንጦ ይነቀላሉ፤ ከዚያ የሌላው ተክል ብናኝ በሴቴው ጫፍ ላይ ይቀባል። ጫፉ አረንጓዴና የሚያጣብቅ ከሆነ ዝግጁ ነው። አበባው በወረቀት ከረጢት ተሸፍኖ የእናትና የአባት ስም በእርሳስ ይጻፍበታል፤ እስክሪብቶ በፕላስቲክ ቤቱ ርጥበት ይጠፋል። ተቋቋሚው እናት፣ ተራው አባት ሆኖ አንድ ወገን፤ ተራው እናት፣ ተቋቋሚው አባት ሆኖ ሌላ ወገን። ክረምቱ ብርሃን ስላሳጠረው አበባው ዘገየ፤ ዘር የያዘው ቆባም ለመድረቅ ከተለመደው አንድ ወር በላይ ወሰደ።

ኅዳር፦ ንባቡ

ዘሮቹ በ500 ሚሊ ግራም ስፔክቲኖማይሲን ላይ ተዘሩ። ሳህኑን ማን እንዳዳቀለው የማያውቅ ሰው እንዲያነብበው በፊደል ፈንታ ቁጥር ብቻ ተለጠፈበት።

ደ እና በ እናት በሆኑበት ሳህን ላይ የበቀለው ሁሉ አረንጓዴ ነበር፤ አባት በሆኑበት ሳህን ላይ የበቀለው ሁሉ የእንፋሎት ያህል ነጭ ሆኖ ሁለቱን የዘር ቅጠል ዘርግቶ ቀረ። በኒውክሊየስ የሚወረስ ነገር እንዲህ አይከፈልም። የሁለቱ መሥመሮች ተቋቋሚነት የፕላስቲድ ነው፤ ተክሎቹም ከቅይጥነት ወጥተዋል።

ሸ ሌላ ታሪክ አለው። እናት በሆነበት ሳህን ላይ አረንጓዴም፣ ነጭም፣ የተዥጎረጎረም ችግኝ በአንድ ላይ በቀለ። ቅጠሉ ለዓይን ወጥ አረንጓዴ የነበረ ተክል በእንቁላል ሕዋሶቹ ውስጥ አሮጌውን ጂኖም ይዞ ቆይቷል። መድኃኒቱ በሌለበት አፈር ላይ ለወራት ሲያድግ አሮጌዎቹን ቅጂዎች የሚያስወግድ ነገር አልነበረም። ዓይን ያጸደቀውን ዘር ሻረው። ጂን በሚገባበት ሥራም ቢሆን በቡቃያው ቀለም ብቻ ረክቶ ተክሉን ለመስክ የሚያዘጋጅ ሰው የሚጠብቀው ይኸው ነው።

ከሸ አረንጓዴ ችግኞች የተወሰኑት ተነቅለው ለአዲስ የቡቃያ ዙር በ500 ላይ ተቀምጠዋል። ከዚህ በኋላ አፈር የሚነኩት ቅጠላቸው ሁለት ዙር ያለ ሰበዝ ከወጣ ብቻ ነው፤ ከአፈር ከገቡም በኋላ የእያንዳንዱ ተክል የራሱ ዘር በመድኃኒት ላይ ሳይነበብ ለማዳቀል አይውሉም።

የደ እና የበ ቅጠል በሲሊካ ጄል ደርቆ ለዲ.ኤን.ኤ. ንባብ ተዘጋጅቷል፤ የሚነበበው ስፔክቲኖማይሲን የሚያርፍበት የ16ኤስ ጂን ሄሊክስ 34 የተባለው ክፍል አካባቢ ነው። በፒ.ሲ.አር. (የተፈለገን የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጭ አብዝቶ በማየት) ብቻ ንጹሕነትን ለማረጋገጥ አላሰብንም፤ የትምባሆ ኒውክሊየስ በዘመናት የተቀዱ የፕላስቲድ ዲ.ኤን.ኤ. ቁራጮችን ስለሚይዝ፣ ንጹሕ ተክልም ቢሆን ደካማ የአሮጌ ጂኖም ምልክት ሊያሳይ ይችላል። የሁለቱ መሥመሮች ዘር በደረቅ ብልቃጥ፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ማዳቀሉ የተደረገበት ወርና አቅጣጫው ተጽፎበት ተቀምጧል። ቀጣዩ ግዢ የስፔክቲኖማይሲን ብልቃጥና የማጣሪያ ጫፍ ነው፤ አጋር ለአንድ ዙር ይበቃል።